የኖላሪ ቅማል

ፓርሙአት አማቱን ፊት ለፊት አይቷት አያውቅም ማለት ይቻላል። አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል፣ ከእሷ ደጅ እስከ እሱ ደጅ ያለው መንገድ አንድ ሰው ተጣርቶ የሚሰማበት ያህል ነው። ግን በእኛ ዘንድ አማች አማቱ ባለችበት ጎጆ አይገባም፣ እሷ እያየችው አይበላም፣ መንገድ ላይ ከመጣችም ወደ ቁጥቋጦው ዘወር ብሎ ያሳልፋታል። ለዚህ ነው ኖላሪ ከቤቷ ስትወጣ የምታስለው። ጉንፋን ይዟት አይደለም፤ «መጣሁ፣ ዘወር በሉ» ማለቷ ነው። በሠርጉ ጊዜ የሰባ በግ ሰጥቷታል፣ ከዚያ ወዲህ እሱ እሷን «ፓኬር» ይላታል፣ እሷም እሱን «ፓኬር» ትለዋለች። በግ የሰጠና በግ የተቀበለ ሰው እንዲህ ነው የሚጠራራው፣ ያውም አንቱ እየተባባለ። ይህ ልማድ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ብዙ ጣጣም ያመጣል፤ ይኸው የፓርሙአት ነገር።

ዝናብ በጠፋበት ወቅት ፓርሙአት ከብቶቹን ይዞ ወደ ተራራው ጥግ ሄዶ ብዙ ከረመ። ሲመለስ በለስ የሚያፈራው ቁልቋል ሰፈሩን ውጦ ጠበቀው። ድሮ አንድ ሁለት ነበር፣ አሁን ከጉብታው እስከ ወንዙ ድረስ ሣር የበቀለበት ቦታ የለም። ፍየሎቹ ሲጠማቸው ፍሬውን ይበላሉ፣ ጥቃቅኑ እሾህ ምላሳቸው ላይ፣ ድዳቸው ላይ፣ ዓይናቸው ውስጥ ይሰካል። የኖላሪ አንደኛዋ የወተት ፍየል ዓይኗ ጠፍቶ፣ አፏ አባብጦ፣ ሣር ፊቷ እየተያዘላት በረሃብ ሞተች። ኖላሪ ባሏ ሲሞት ያን ያህል አላለቀሰችም ብለው የሚያሟትም አሉ።

የተመለሰ ዕለት ሚስቱ ናሲኩ ወተት እየቀዳችለት፣

«እናቴ እኮ ቁልቋል ታሳድጋለች» አለችው።

«ምን ታሳድጋለች?»

«ቁልቋል። የመረብ ቤት ሠርተንላት...»

«እሰይ! በረሃው ሁሉ ቁልቋል ሆኖ አንሷት ነው? ይኼ ሲያልቅ ጅብ ታርባ።»

«አድምጠኝ እንጂ! ቅማሉን...»

«ቅማል ደግሞ መጣ!» ብሎ ወተቱ ትን እስኪለው ሳቀ።

ናሲኩ ተናዳ ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች። ፓርሙአት ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ እጁም ለመስጠት አይታጠፍም። ግን ሴት ስታወራ ግማሹን ሰምቶ ሌላውን ራሱ የሚጨርስ ዓይነት ነው። ያን ቀን ጆሮውን ትንሽ ቢሰጣት ኖሮ እኔም ይህን የምናገርበት ምክንያት አልነበረኝም።

በማግስቱ የመዥገር መድኃኒቱን በጥብጦ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ወደ አማቱ ደጅ ሄደ። ባል የሞተባትን አማት ፍየሎች መርጨት የአማች ሥራ ነው። ኖላሪም ታውቃለች፤ ቀደም ብላ እያሳለች ጀሪካኗን ይዛ ወደ ውኃ ወርዳለች። ፍየሎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ጆሯቸውን፣ ብብታቸውን፣ ከጭራቸው ሥር ረጨ። ሲጨርስ መርጫው ውስጥ መድኃኒት ተርፏል።

ያኔ ነው የመረብ ቤቱን ያየው። ምሰሶ ቆሞ፣ ዙሪያው መረብ ተወጥሮ፣ በሩ ተቆልፎ። ውስጡ ሰፋፊ የቁልቋል ቅጠሎች በረድፍ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ላይ ነጭ ነገር ተጣብቋል፣ የተበጠረ ጥጥ ይመስላል። ጣቱን በመረቡ ቀዳዳ አሾልኮ አንዱን ነጭ ጨፈለቀው። ጣቱ በደም ተነከረ።

በእኛ አገር ነጭ ሆነ ጥቁር፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ሲጨፈለቅ ደም የሚያፈስ ነገር አንድ ብቻ ነው። ፓርሙአት ከልጅነቱ ጀምሮ መዥገር ሲነቅል ያደገ ሰው ነው። «ወይ እናቴ!» አለ፤ ከልቡ አዘነላት። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ የተከለችውን ተባይ ወሮባት፣ ለአማቿ እንኳን መናገር አትችልም። ለምን ቁልቋል እንደተከለች አልገባውም፣ ግን የሰው ፍላጎት ነው። መርጫውን አንስቶ በመረቡ ቀዳዳ እያሳለፈ ቅጠል በቅጠል ረጨ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠብ ጠብ እስኪል። ባዶ መርጫውን አዝሎ ሲመለስ ልቡ ሙሉ ነበር። ለማንም አልተናገረም። ለአማት የተሠራ ደግ ነገር አይወራም።

ሁለት ቀን ቆይቶ ናሲኩ ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ዘንቢሉን ባዶውን ይዛ ተመለሰችና ደጁ ላይ ወረወረችው።

«ባዶ ነው! የመረብ ቤቱ ባዶ ነው! አንድ ቅጠል የለም!»

«የምን ቅጠል?»

«ቅማል ያለበት ቅጠል ነዋ! ዛሬ አልነበር የምንካፈለው? ስንት ወር ጠብቀን! እያንዳንዱ ቤት ቅጠሉን ወስዶ ደጁ ያለው ቁልቋል ላይ ሊሰካው፣ ቅማሉ እየተራባ ቁልቋሉን መጥጦ ሊያደርቀው። ሣር አይነካ፣ ግራር አይነካ፣ ሥራው ከቁልቋል ጋር ብቻ። እናቴ እኮ ዝናብ እንዳይመታው፣ ንፋስ እንዳይወስደው እዚያው ስትውል ከረመች።»

ፓርሙአት እጁ ላይ የነበረው ዱላ ከበደው።

«ነጩ ነገር?» አለ።

«አዎ ነጩ። አይተኸው ነበር እንዴ?»

«አላየሁም» አለ። አፉ ከልቡ ቀደመ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህች ቃል የመጣ ነው።

ቅጠሎቹ የት ሄዱ የሚለው ለእሱም እንቆቅልሽ ሆነበት። ሞተው ማግኘት እንጂ ጠፍተው ማግኘትን አልጠበቀም። ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ፣ ወንዶቹም ወሬ ሸቷቸው ዙሪያውን ቆሙ፣ ፓርሙአትም አማቱ እንዳታየው ከኋላ ሆኖ አዳመጠ። የሴቶቹ ማኅበር መሪ ሴሌና ነች። ምላሷ ስለት ነው፣ ግን ሐሰተኛ አይደለችም፤ የራሷ ጊደር ጉሮሮዋ ላይ በተሰካ እሾህ ሞታባታለች።

«ኖላሪ፣ የት አደረስሽው?»

«በእጄ ነበር፣ ከእጄ ጠፋ» አለች ኖላሪ።

«ክንፍ አወጣ?»

«ሌላ የምለው የለኝም።»

«እኔ ልበልልሻ! የቅጠሉን እሾህ በእሳት ለብልበሽ ለፍየሎችሽ አበላሽው። የእኛ ፍየሎች ሆድ የላቸውም? እኛስ እያየን ዝም ያልነው ሞኝ ስለሆንን ነው?»

ሰው አጉረመረመ። በክፉ ቀን ቁልቋል ለብልቦ ለከብት መስጠት ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ስለዚህ ሁሉም አመነ። ኖላሪ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቁልፍ አውልቃ ከሴሌና እግር ሥር አስቀመጠችው። እጆቿን ወዲያው ነጠላ ጨርቋ ውስጥ ደበቀቻቸው። ናሲኩ ብድግ ብላ፣ «እናቴ አትሰርቅም! እናቴ ውሸት አታውቅም!» ብላ ጮኸች።

ፓርሙአት ማንንም ሳይሰናበት ወደ ቤቱ ሄደ። ግን ሰው ለራሱ ጠበቃ አያጣም። «ፍየሎቹ በልተውት ከሆነስ?» አለ። «እንግዲያው እኔ ምን አገባኝ?» መድኃኒት የነካው ቅጠል የበላች ፍየል እንደምትሞት ያውቃል። የኖላሪ ፍየሎች ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከጉብታው ላይ ሲዘሉ ይታዩታል። ወደዚያ ማየት ተወ።

ወንዶቹ በሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ጨዋታ አልጠፋም።

«ፓርሙአት! አማትህ የሰፈሩን ቅማል በልታ ጠገበች አሉ!»

«እኛን ስታይ ራሷን ታካለች ወይ?»

ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ። ከእነሱ ጋር፣ ጥርሱን አሳይቶ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ግን እሱም ሌሊት ሌሊት የራሱን ሳቅ ይሰማው ነበርና ተቀጥቶበታል። ልንገራት ቢልስ እንዴት ይነግራታል? አማት ናት። አይቀርባት፣ አያናግራት። ሌላ ጊዜ የሚከብደው ልማድ አሁን መልካም መደበቂያ ሆነለት። ለናሲኩ መንገር ግን ይችል ነበር። ያን ያውቀዋል።

አንድ ቀን ናሲኩ ከእናቷ ዘንድ ስትመለስ፣ «ፓኬር በሚመጣው ወር ፍየሎቹን ለመርጨት አይድከሙ ብላሃለች» አለችው።

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። ከሰው መደባለቅ ትታለች። ወተት እንኳን ላልብልሽ ስላት እጇን አታሳየኝም።»

ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። በጉልበት ልካስ አለ፤ የበደለ ወንድ መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ኖላሪ ውኃ ልትቀዳ በወረደችበት ሰዓት መቆፈሪያ ይዞ የፍየሎቿን በረት ሊጠግን ሄደ። አጥሩ ከኋላ በኩል ዘምሟል፣ አዲስ እንጨት መትከል አለበት። በረቱ ጀርባ እሾሃማ የግራር ቅርንጫፍ ተከምሮ አገኘ። አነሳውና ቆፈረ። አፈሩ ልል ነበር። በሁለተኛው ምት ሽታው አፍንጫውን መታው።

የመዥገር መድኃኒት ነው። ይህን ሽታ ከየትም ይለየዋል። ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ተቀብረዋል፣ ላያቸው ላይ አመድ ተነስንሷል፣ ፍየል እንዳይደርስባቸው ቅርንጫፍ ተጭኖባቸዋል። ነጩ ነገር ቡናማ ሆኖ ረግፏል። መቆፈሪያውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እዚያው እንደተቀመጠ ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰማ። መሸሽ ነበረበት። ጀርባውን ብቻ አዞረ።

«ፓኬር» አለች ኖላሪ።

«ፓኬር።»

«ጉድጓዱን ይድፈኑት። ፍየል ይገባበታል።»

«መቼ አወቁ?» አላት።

«ከውኃ እንደተመለስኩ። አፍንጫ አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? ለሴሌና? አማቼ በመርዝ ጨረሰው ልበል? ውኃ ላይ ልጄን ምን እያሉ ሊሰድቡብኝ ነው? የሞኙ ሚስት፣ የሰፈሩን ሣር ያስቀረው ሰውዬ ሚስት ይበሏት?» «በግዎን በልቻለሁ፣ ፓኬር። በግዎን በልቼ ስምዎን አላጠፋም» አለች።

«ነገ ስብሰባ አለ። እናገራለሁ።»

«አይናገሩም።»

«እናገራለሁ!» አለ።

ኖላሪ ጀሪካኗን ከጀርባዋ ስታወርድ ተሰማው። «ቸኩዬ በባዶ እጄ ነው የቀበርኩት፣ ሰው ሳይመጣ» አለች፣ ከራሷ ጋር እንደምታወራ። «እሾሁ እጄ ውስጥ ቀርቷል። ናሲኩ ብትነቅልልኝ ደግ ነበር። ግን ትጠይቀኛለች።»

ፓርሙአት ጉድጓዱን በእጁ ደፈነ።

በማግስቱ ቅማሉን መጀመሪያ ያመጣው የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ነበር። አዲስ ቅጠል ይሰጣችኋል፣ ግን ታማኝ ጠባቂ ምረጡ ብሏል። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ኖላሪ ከሴቶቹ ዳር ብቻዋን ነች፤ አጠገቧ የተቀመጠ የለም። ፓርሙአት ዱላውን ይዞ መሀል ገባ። አማት ባለችበት አማች መሀል ሲገባ ታይቶ አያውቅም፤ ኖላሪ ጨርቋን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችው።

«ቅማሉን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። «በመዥገር መድኃኒት። ከመረቡ ውጭ ሆኜ ረጨሁት። መዥገር መስሎኝ ነው።»

ከዚያ አንዱ ሳቀ።

«የመዥገር መድኃኒት ለቁልቋል? ፓርሙአት፣ ቁልቋሉ ወተት ይሰጣል እንዴ?»

«እስቲ ጆሮውን ይዘህ ነው የረጨኸው ወይስ ጭራውን?»

ሴሌና እጇን አነሳችና ጸጥ አሰኘቻቸው። «ቆይ፣ አንተ? የእውነትህን ነው?»

«የእውነቴን ነው።»

«ኖላሪ፣ እውነት ነው?»

ከጨርቁ ሥር ድምፅ ወጣ። ረጋ ያለ፣ ለሁሉም የሚሰማ።

«ፓኬር ሊያድኑኝ ብለው ነው። አምላክ ኤንካይ ይስጣቸው። ለፍየሎቼ ያበላሁት እኔ ነኝ። ተርበውብኝ ነበር።»

ሸንጎው እንደ ንብ መንጋ ተነሣ። ሽማግሌው ኪሪንኮል እየተንቀጠቀጡ ቆመው ወደ ፓርሙአት መጡና ፊቱ ላይ ምራቃቸውን እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁት። «አማች እንዲህ ነው! ለአማቱ ብሎ በሰው ፊት ራሱን ሞኝ የሚያደርግ! ኤንካይ እንዲህ ያለ አማች ለሁላችንም ይስጠን!» ወንዶቹ አጨበጨቡ። ያሾፈበት ሁሉ መጥቶ ትከሻውን ያዘው። ሴሌና እንኳን ዓይኗን ጠረገች።

ፓርሙአት አፉን ከፈተ። «ጉድጓድ አለ» ሊል ነው። «ኑና ቆፍሩ፣ በረቱ ጀርባ ነው፣ አሽትቱ» ሊል። ይህን ብቻ ቢል ያበቃ ነበር። ግን የሽማግሌው ምራቅ ግንባሩ ላይ ገና አልደረቀም፣ እጅ ሁሉ ትከሻው ላይ ነው፣ ስንት ቀን የጠበበ ደረቱ ድንገት ሰፋ። ደስ አለው። ሌላ ቃል የለውም፣ ደስ አለው። እኔ ተናግሬአለሁ፣ እነሱ አላመኑኝም አለ በልቡ። ሄዶም ከወንዶቹ መሀል ተቀመጠ።

ቁልፉን ለናሲኩ ሰጧት። የመረብ ቤቱም ተነቅሎ ፓርሙአት ደጅ ተተከለ፤ ከእሱ የበለጠ የታመነ ሰው ከየት ይመጣል? አዲሱ ቅማል ተራባ። ሴቶቹ ቅጠሉን እየወሰዱ በየደጃቸው ቁልቋል ላይ ሰኩት፣ ነጩ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ ቁልቋሉም መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ተጨማደደ፣ ከዚያ በራሱ ላይ ተኛ። በወደቀበት ሥር ሣር ብቅ ብቅ አለ። ሲላገጥበት «የኖላሪ ቅማል» ነበር የሚባለው። ሥራውን ሲሠራ ጊዜ «የፓርሙአት ቅማል» ይሉት ጀመር። በሄደበት ይመርቁታል። በተመረቀ ቁጥር ያንን ምራቅ ግንባሩ ላይ ይሰማዋል።

ኖላሪ የመረብ ቤቱ አጠገብ እንዳትደርስ ተከልክላለች። ማንም ጮክ ብሎ አልከለከላትም፣ ግን ታውቀዋለች።

አንድ ጠዋት ፓርሙአትና ናሲኩ ቤት ሳሉ ውጭ ሳል ተሰማ። ናሲኩ ቅማል የያዘ ቅጠል በቢላ ትቆርጣለች፤ ቀና አላለችም።

«እናትሽ ናቸው» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

«አትወጪም?»

ቢላዋን አስቀመጠች። «አንተ እንኳን ባዳው ለእሷ ብለህ በሰው ፊት ዋሸህ። እሷ ግን እኔን ዓይኔን እያየች ጠፋ አለችኝ። እኔ አገር እያዳረስኩ እናቴ አትሰርቅም ስል ዝም ብላ አየችኝ። ፍየል አብልታ! ለልጇ እንኳን እውነቱን አትናገርም?»

ፓርሙአት የሚስቱን አንገት አየ። ቁልፉ ተንጠልጥሎበታል። አሁን ልንገራት አለ። አሁን። ሳሉ ከውጭ አንድ ጊዜ ተደገመ፣ ከዚያ የእግር ኮቴ እየራቀ ሄደ።

«እሾህ...» አለ።

«የምን እሾህ?»

«ምንም። እጅሽን እንዳይወጋሽ ነው።»

ዱላውን አንስቶ ወጣ። ኖላሪ ትሄድበታለች ብሎ ካሰበው መንገድ ሸሽቶ በጓሮ በኩል ወረደ። እሷም እሱን ሽሽት በዚያው በኩል ዞራ ኖሯል። ጉብታው እጥፋት ላይ ሳሉን ሰማና እንደ ልማዱ ወደ ግራ ዘወር አለ። ሁልጊዜ የሚከለልበት ትልቁ ቁልቋል እዚያ ነበር። አሁን ደርቆ መሬት ላይ ተነጥፏል። ወደ ቀኝ ዞረ፤ በዚያም ሜዳ ነው። ቅማሉ ጨርሶታል። ከጉብታው እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ሰው የሚሸሸግበት ነገር አልቀረም።

አማቱን ከነፊቷ አያት። ናሲኩን ትመስላለች። ጀሪካኑን ደረቷ ላይ በክንዶቿ ታቅፋዋለች፤ ጣቶቿ አባብጠው አይታጠፉም።

ጨርቋን ፊቷ ላይ ልትስብ ፈለገች፣ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለችና፣

«ፓኬር» አለች፣ «ናሲኩ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለ።